ሊቀመንበራችን ለሙከራ የሞቱ ዕለት

በአርባ ሰባት ዓመቴ ሥራ ስቀጠር የተቀጠርኩት ነገር ለማበላሸት ነበር። የሥራው መጠሪያ «ሞካሪ» ነው። ሌሎች የሠሩትን ድረ ገጽ፣ ለደንበኛ ከመሰጠቱ በፊት፣ እየነካካሁ የት ጋ እንደሚሰበር እፈልጋለሁ። ስልክ ቁጥር ጻፉ በሚለው ቦታ የልደት ቀኔን እጽፋለሁ፤ አንዴ ተጫኑ የሚለውን አምስቴ እጫናለሁ። ዐሥራ ሁለተኛ ክፍልን የጨረስኩት ልጄ ዩኒቨርሲቲ ከገባች በኋላ ነው። ዲግሪው ደግሞ ከሥራ መልስ እየተማርኩ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ። ዘግይቶ የተማረ ሰው አንድ ክፉ ጠባይ ይይዛል፤ የነገሩትን ዝም ብሎ አይቀበልም፣ «ይሄ ከየት መጣ?» ይላል። ክፍል ውስጥ ያሰለቸሁበት ጠባይ እዚህ ደመወዝ አስገኘልኝ።

ቢሮው ቀበና፣ ወንዙን እንደተሻገሩ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍት አለው ይባላል፤ እኔ ያየሁት በሩን ብቻ ነው። ሰባት ሠራተኞች ነን። ከእኔ ቀጥሎ በዕድሜ ትልቁ ሥራ አስኪያጃችን ሲሆን፣ እሱም ገና ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው። ደስ ሲለው «አንቺ» ይለኛል፣ ሲናደድ «እርስዎ»። ስለዚህ አክብሮቱ ሲጨምር እጠነቀቃለሁ። አጠገቤ የምትቀመጠው ፕሮግራመር ሃያ ስድስት ዓመቷ ነው። ገጾቹን የምትሠራው እሷ ናት። ስለ ፊደል ግድፈቷ ስለምነዘንዛት «ቲቸር» ትለኛለች፤ አክብራ ይሁን አሽሟጥጣ እስካሁን አልለየሁም።

አሁን የምተርከውን ሥራ ወደ ቢሮው ያመጣሁት እኔው ነኝ። የምኖረው ከእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በታች፣ ዳገቱ ላይ ሲሆን፣ የሰፈራችን እድር ጸሐፊ ነኝ። የእድርተኞቹ ቤት ከወንዙ ዳር ጀምሮ ባሕር ዛፉ ውስጥ እስከሚገባው መንገድ ድረስ የተበተነ ነው። ሰው ሲሞት ለፋፊያችን በማለዳ ድምፅ ማጉያውን ይዞ ይዞራል። ሰውየው ሥራውን ይወዳል፤ ችግሩ ዳገቱ ነው። ከላይ ያሉት ሲሰሙ ከታች ያሉት አይሰሙም፤ ከታች ከጀመረ ደግሞ የላይኞቹ የሚሰሙት ከቀብር ከተመለሰ ሰው ነው። ስለዚህ ኮሚቴው የእድሩ ድረ ገጽ ይሠራልን አለ። ማን አረፈ፣ ድንኳኑ የት ተተከለ፣ ቀብሩ ስንት ሰዓት ነው፣ ሁሉም በየስልኩ እንዲያየው። አባል የሆነ ሁሉ ማስታወቂያውን ራሱ ጽፎ መላክ ይችላል።

ሊቀመንበራችን ጡረታ የወጡ የመዝገብ ቤት ኃላፊ ናቸው፤ ሰባ ስምንት ዓመታቸው። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ይላቸዋል። ከገጹ የፈለጉት ሁለት ነገር ነበር። ፊደሉ ትልቅ እንዲሆንና ሻማ እንዲኖረው። የተሳለ ሻማ አይደለም፤ የሚነድ፣ ነበልባሉ የሚወዛወዝ። «ሰው ሞቶ ደረቅ ጽሑፍ አይሆንም» አሉ።

ፕሮግራመሯ ሻማውን ቁጭ ብላ አልሠራችውም። እንዲህ ዓይነት ነገር ማንም ቁጭ ብሎ አይሠራም። የማናውቃቸው ሰዎች፣ በማናውቀው አገር፣ ሠርተው ለፈለገ ሁሉ ያስቀመጡት አለ። እሱን ታመጣና ከራሷ ሥራ ጋር ትጠቀልለዋለች። ያመጣችው አንድ የጽሑፍ ሣጥን ነበር፤ ፊደል የሚያደምቅ፣ ቀለም የሚቀይር፣ አበባና ሻማ የሚያስገባ። ይህን የመሰለውን ከውጭ የመጣ ነገር ሁሉ «ላይብረሪ» ይሉታል። መጀመሪያ ስሰማ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የምሳ ሰዓቴን ዕድሜ ልኬን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ያሳለፍኩ ሴት ነኝ። በኋላ ነው የገባኝ። ሁሉም ይዋሰዋል፣ ማንም ገልጦ አያነበውም።

የእድሩ ጠቅላላ ጉባኤ እሑድ ነበር። ገጹ ለአባላቱ የሚታየው ያን ዕለት ነው። ከዚያ በፊት «ፈትሼዋለሁ፣ ለአገልግሎት ብቁ ነው» በሚል ቅጽ ላይ የምፈርመው እኔ ነኝ። የሦስት ወር የሙከራ ቅጥሬም የሚያልቀው በዚያው ሳምንት ነው። ሥራ አስኪያጁ ሰኞ ጠዋት ሳቅ እያለ፣ «እንግዲህ አርብ ፊርማሽ፣ እሑድ ርክክብ፣ በሚቀጥለው ሰኞ የቋሚነት ደብዳቤሽ» አለኝ። ግልጽ ነበር። ካልፈረምኩ ደብዳቤውም የለም።

ማክሰኞ የሌለ ሰው ገደልኩ። ማለቴ፣ የሙከራ ማስታወቂያ ጻፍኩ። የሰፈሬ ሰው እንዴት እንደሚጽፍ አውቃለሁ። እኛ ዘንድ በመታወቂያ ስሙ የሚታወቅ ሰው የለም። አንድ ጊዜ የአንድ ሰውዬ ስም እንደ መታወቂያው ቢለፈፍ፣ የግድግዳ ጎረቤቱ «ነፍስ ይማር፣ ማን ይሆን?» ብሎ ሥራው ሄደ። ከዚያ ወዲህ ቅጽል ስም ሳይጨመር አይለፈፍም። ቅጽል ስም ደግሞ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ ይገባል። የስልካቸው ሰሌዳ ላይ ትምህርተ ጥቅሱን ስለማያገኙት፣ ከሒሳብ ትምህርት የምናውቃቸውን «ያንሳል» እና «ይበልጣል» የሚሉትን ምልክቶች ሁለት ሁለት ጊዜ ይጫኗቸዋል። ግማሹ ሰው አማርኛውን የሚጽፈውም በላቲን ፊደል ነው። እኔም እንደነሱ አደረግሁ። የሟቹን ስም ከጻፍኩ በኋላ፣ በላቲን ፊደል «ሻምበል» ብዬ ሁለት ያንሳልና ሁለት ይበልጣል አለበስኩት።

ገጹ ላይ ሲወጣ ሻምበልነቱ የለም። አንድ ያንሳልና አንድ ይበልጣል፣ መሐላቸው ባዶ ሆኖ፣ አፍ ለአፍ ገጥመው ቀርተዋል።

«ቅጽል ስሙን ዋጠው» አልኳት ፕሮግራመሯን።

«ቲቸር፣ እንደዛ ብሎ የሚጽፍ ሰው የለም።»

«ሦስት መቶ የሚያህል አለ። ሁሉንም በስም አውቃቸዋለሁ።»

«እሺ፣ የሣጥኑ ሠሪዎች ያውቃሉ፣ አፕዴት ሲያደርጉት ይስተካከላል» ብላ ማዳመጫዋን መልሳ ጆሮዋ ላይ ደፋች።

እኔን ግን ወዴት ሄደ የሚለው አላስቀመጠኝም። ገጽ ሁለት ዓይነት ነገር ነው የሚያነበው። አንዱ ለሰው የሚያሳየው ቃል፣ ሌላው እሱ ራሱ የሚታዘዘው ትእዛዝ። ትእዛዙ የሚታወቀው በእነዚያ ሁለት ምልክቶች መሐል በመግባቱ ነው። «ሻምበል» የሚባል ትእዛዝ ስላላወቀ ዝም ብሎ ጣለው። እንግዲያው የሚያውቀውን ብጽፍለትስ? በምልክቶቹ መሐል ፊደል የሚያደምቀውን ትእዛዝ ጻፍኩ፤ ጽሑፌ ደመቀ። ቀጥዬ ደፋር ትእዛዝ ሰጠሁት፤ አልተቀበለኝም፣ ሰረዘው።

ፕሮግራመሯ ከጎን እያየች ኖሮ፣ «አየሽ? ማጣሪያ አለው። ባለፈው ወር ነው አዲሱን ያስገባሁት» አለች።

ማጣሪያ ያለው ቤት በር ላይ ሰው አስቀምጧል ማለት ነው፤ እኔ ደግሞ ዙሪያውን መሄድ ልማዴ ነው። ገጹን የሌለ ፎቶ እንዲያመጣ ለመንኩት። ከልመናዬ ጋር፣ «ካላገኘኸው ግን ይህን የመልእክት ሣጥን ክፈት» የሚል ጨመርኩ። ታዛዥ ነገር ነው። ሄደ፣ ፈለገ፣ አጣ፣ ተመልሶ መጥቶ ሣጥኑን ከፈተ። ከእድሩ ስም ሥር፣ በትልቁ ፊደል፣ «ሰላም ነው?» የሚል ሣጥን።

ፕሮግራመሯ ማዳመጫዋን አወለቀች። በሦስት ወር ውስጥ ሁለቱንም ጆሮዋን ሳይ የመጀመሪያዬ ነበር።

«አዲሱ ማጣሪያ ይሄን ማስቆም ነበረበት» አለች።

«አዲሱ ነው ወይ እየሠራ ያለው?»

የተጠቀለለውን ፋይል ከፈተችው። ከውጭ የመጣውም የራሷም ተጨምቆ አንድ መስመር ሆኗል፤ ክፍተት የለው፣ ነጥብ የለው፣ ቢዘረጋ ከቀበና ተነስቶ እንጦጦ ራጉኤል የሚደርስ ይመስላል። ከሰዓቱን ሙሉ እየቆረጠች አነበበችው። አዲሱ ማጣሪያ በቦታው አለ። ነገር ግን ባለ ሻማው ሣጥን ሲመጣ የራሱን ማጣሪያ ሆዱ ውስጥ ይዞ ነው የመጣው፤ ያውም አሮጌ። እድርተኛ የሚጽፈው ሁሉ የሚያልፈው በዚያ ነው። እሷ ያደሰችው ማንም የማይገባበትን በር ነበር።

እኔ የእድራችን ዕቃ ቤት ታወሰኝ። የእድር ድስት ሁሉ ቂጡ ላይ በቀለም ምልክት ይደረግበታል፤ የእኛ ቀይ ነው። ዕቃ ስንቆጥር፣ አንዱ ትልቅ ድስት ውስጥ ሌላ ድስት ተሰክቶ ለዓመታት ተቀምጦ አገኘን። አረንጓዴ ቀለም ነበረው፤ ከየትኛው እድር እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ጆሮው የላላ ነው፣ ግን በየለቅሶው ከእኛዎቹ ጋር ይወጣ ነበር። የውጪኛውን ብቻ እያየን «ድስቶቻችን ደህና ናቸው» ስንል ኖረናል። ይህን ነገርኳት።

«ቲቸር፣ ይሄ እኮ ፕሮግራሚንግ ነው፣ ሠርግ ቤት አይደለም።»

«ሠርግ አላልኩም። ለቅሶ ነው ያልኩት።»

ሳቀች፤ ከዚያ «የእኛው ግን ምልክቱም ተፍቋል» አለች። ልክ ነበረች። ሲጨመቅ ማን እንደሠራውና መቼ እንደወጣ የሚናገረው መስመር አብሮ ይወገዳል።

ረቡዕ ለሥራ አስኪያጁ ነገርነው። አዳመጠን፣ ሰዓቱን አየ፣ «እድር ነው እኮ። እድርን ማን ያጠቃል?» አለ።

«ማጥቃት አይደለም ችግሩ» አልኩት። «ማንም ሰው ማስታወቂያ አስመስሎ ትእዛዝ ቢልክ፣ ገጹ የፈለገውን ያናግርለታል። አንባቢው የሚያየው የእድሩን ስም ነው። አላፊ አግዳሚ በለፋፊያችን አፍ እንደሚናገር ቁጠረው።»

«ማስተካከሉ ስንት ቀን ይፈጃል?»

«ቢያንስ ሳምንት» አለች ፕሮግራመሯ። «ሻማው ይውጣ ካልን ማስታወቂያው ሁሉ እሱ ላይ ነው የተንጠለጠለው።»

«ሳምንት የለንም። እንዲያውም ሻማውን የፈለጉት ሊቀመንበሩ ናቸው። ፈርሚና ከእሑድ በኋላ ይታያል።»

«ያልጨረስኩትን አልፈርምም።»

«እንግዲያው ሊቀመንበርዎ ራሳቸው መጥተው ሻማው ይቅርብኝ ይበሉኝ» አለ፤ ወደ «እርስዎ» መሻገሩን አስተዋልኩ። «አርብ ግን አርብ ነው፣ እርስዎም ያውቁታል።»

ሐሙስ ጋሼ ጠርቻቸው መጡ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ ደረጃው መሐል ቆመው ሲተነፍሱ ወርጄ ተቀበልኳቸው። በሕይወት ያለን ሰው ሳያስፈቅዱ መግደል ነውር ስለሆነ፣ እዚያው ጠየቅኋቸው።

«ጋሼ፣ ለሙከራ አንድ ጊዜ ይሞቱልኛል?»

«ለምን ያህል ጊዜ?»

«ለአምስት ደቂቃ።»

«ይሄን ደረጃ ጨርሼ ከሆነ ብዙም አልቀረኝ» አሉና ከዘራቸውን አነሱ።

ከላይ ወንበር ሰጥተናቸው፣ ውኃ ጠጥተው፣ ነገሩን አስረዳኋቸው። ከዚያ የገዛ ማስታወቂያቸውን ያስጽፉኝ ጀመር። እኔ ሰባ ዘጠኝ ዓመት ብዬ ጽፌ ነበር። «ሰባ ስምንት ነው፤ አታስቸኩዪኝ» አሉ። ቀብሩን ስድስት ሰዓት ብዬ ነበር። «ዘጠኝ ሰዓት አድርጊው፣ በስድስት ሰዓት ፀሐዩ ሰው ያንገላታል።» ልጆቻቸውን በዕድሜ ቅደም ተከተል አስጻፉ፤ የመካከለኛውን ሥራ ለመግለጽ ትንሽ አሰቡ፣ «በግል ሥራ የሚተዳደረው» ላይ ተስማማን። ፕሮግራመሯ ጥግ ላይ በእጇ አፏን ይዛ ትንቀጠቀጣለች።

ጽሑፉን የሌለውን ፎቶ በሚፈልገው ልመና ውስጥ ሸጉጬ በሙከራው ገጽ ላይ ላክሁት። «ጋሼ፣ አሁን ስልክዎን ይክፈቱ።»

ኔትወርኩ ሲሄድ ሲመጣ ሩብ ሰዓት ጠብቀው ከፈቱ። ሻማው እየተወዛወዘ መጣ፤ በላዩ ላይ የመልእክት ሣጥኑ። የእድሩ ስም፣ የእሳቸው ስም፣ ሰባ ስምንት፣ ዘጠኝ ሰዓት። አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው ጫፍ ወለወሉና እንደገና አነበቡ። ከጀርባቸው ቆሞ የነበረው ሥራ አስኪያጃችን ፈገግታውን ሰበሰበ።

«እኔ ነኝ ያስጻፍኩት» አሉ ቀስ ብለው። «ግን አመንኩት።»

ስልካቸው እዚያው እጃቸው ላይ ጮኸ። ለፋፊያችን ነበር። ጋሼ ጆሯቸው ስለማይሰማ ሁልጊዜ በድምፅ ማጉያው ነው የሚያወሩት፤ ሁላችንም ሰማን።

«ሄሎ፣ ማን ልበል?» አለ ለፋፊው፣ ራሱ ደውሎ።

«እኔ ነኛ። የደወልከው ለእኔ አይደል?»

ከኋላው የሰው ጉምጉምታ ይሰማል።

«ጋሼ… እ… ቤት ማን አለ?»

«እኔ እንጃ። ያለሁት ቀበና ነው።»

«ቀበና» አለ፣ ከሰማይ ቤት ምን ያህል እንደሚርቅ የሚያሰላ ይመስል። «ደህና ነዎት ግን?»

«ደህና ነኝ። ደረጃ ትንሽ አድክሞኝ ነው።»

«እሰይ። እሰይ፣ ተመስገን።» ጉሮሮውን ጠረገ። «ጋሼ፣ እንዲያው ይቅርታ ያድርጉልኝና… ድንኳኑን ልመልሰው?»

«የቱን ድንኳን?»

«የእርስዎን።»

እኔ የሙከራውን ገጽ አድራሻ የሰጠሁት ለጋሼ ብቻ ነበር። ጋሼ ደግሞ ለኮሚቴው በሙሉ ልከውታል። «ሻማውን ይዩት ብዬ ነው፣ ያምራላ» አሉ በኋላ፣ ወለሉን እያዩ። ሁሉን ነገር ከየት መጣ የምል ሴት፣ ወዴት ሄደ ብዬ አልጠየቅሁም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ኮሚቴው በየቤቱ ስልኩን ከፍቶ የሊቀመንበሩን መርዶ አንብቧል። በእድራችን ወግ ሰው አረፈ ከተባለ መጀመሪያ ድንኳን ይወጣል፤ ጥያቄ ከዚያ በኋላ ነው። ድንኳኑ ወጥቷል፣ ብረቶቹ በአራት ሰው ትከሻ ላይ ሆነው የጋሼ ቤት መታጠፊያ ደርሰዋል።

ያን ጊዜ ጋሼ ድምፃቸው ተለወጠ። «ለባለቤቴ ነግራችኋል?»

«ኧረ በስመ አብ፣ ጋሼ። ሽማግሌ ሳይሟላ?»

እዚያ ላይ ነው ሁላችንም የተነፈስነው። መርዶ በእኛ ዘንድ በስልክ አይነገርም፣ በአንድ ሰው አፍም አይነገርም። ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ሴትየዋ መቀመጧን አይተው ነው። ለፋፊው የደወለውም ስልኩን ከቤተሰቡ አንዱ ቢያነሳ፣ ሞት የሚለውን ቃል ሳይተነፍስ፣ አጠገባቸው ሰው መኖሩን ሊያጣራ ነበር። ሦስት ሽማግሌ ሱቁ ጥግ ቆመው አራተኛውን ይጠብቃሉ። አራተኛው ጫማው ጠፍቶበት ዘግይቷል።

ጋሼ ስልኩን ዘጉ። «ባለቤቴ ልቧ ደካማ ነው» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን።

ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞረ። «እርስዎ ይህንን…»

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩት። «አድራሻው ማን ጋ እንዳለ ሳላጣራ ላክሁ። ቅጹ ላይ ራሴ እጽፈዋለሁ።»

«የእሷ ጥፋት ከድንኳን አላለፈም» አሉ ጋሼ። «ልጄ፣ አንተ ይህን ነገር እሑድ ብታስረክበን፣ ከዚያ በኋላ ሽማግሌ አይጠበቅም። ስልኩን ከፍታ የምታነበው ባለቤቴ ራሷ ነበረች። እኔ እንዲህ ያለ ነገር አልረከብም።»

ፕሮግራመሯ ድፍረቷን ሰብስባ፣ «ጋሼ፣ እንዲስተካከል ከፈለግን ሻማው መውጣት አለበት» አለቻቸው።

ለሞታቸው ካሰቡት በላይ ለዚህ አሰቡ።

«ሙሉ በሙሉ?»

«ሙሉ በሙሉ።»

«አበባውስ?»

«አበባውም ከሻማው ጋር ነው የመጣው።»

«እሺ» አሉ በመጨረሻ፤ በእውነት ሐዘን የገባቸው ያን ጊዜ ነበር ብል ማጋነን አይሆንም።

አርብ አልፈረምኩም። ቅጹ ላይ ያገኘነውንም የራሴንም ጥፋት ጽፌ አስረከብኩ። ሥራ አስኪያጁ ቆሞ አነበበውና የሙከራ ጊዜዬን በሁለት ሳምንት አራዘመው፤ ጉባኤውም በሁለት ሳምንት ተላለፈ። እኔና ፕሮግራመሯ ያንን ጥቅልል ፈትተን፣ እያንዳንዱን ከውጭ የመጣ ነገር ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳስገባው፣ ለምን እንደሚያስፈልግ ወረቀት ላይ ጻፍን። ማንም አስገባሁት የማይለው ዐሥራ አንድ ነገር ተገኘ። አንደኛው ገጹ ላይ በረዶ የሚያዘንብ ነው፤ የፈረንጅ በዓል ሲደርስ ብቻ የሚሠራ። እንጦጦ ሥር ያለ እድር፣ ለቅሶ ማስታወቂያው ላይ በረዶ ሊዘንብበት ሁለት ወር ቀርቶት ነበር።

ሁሉንም አወጣን። አሁን እድርተኛ የሚጽፈው ነገር፣ ምንም ዓይነት ምልክት ቢያለብሰው፣ እንደ ፊደል ብቻ ይታያል። ጥቁር ጽሑፍ በነጭ፣ ያለ ሻማ። ያልጠበቅነው ጥቅምም ተገኘ፤ ኔትወርክ የሚደክምበት ዳገት ላይ ገጹ ቶሎ መከፈት ጀመረ። ሲጎትተው የነበረው ሻማው ኖሯል።

በነዚያ ሁለት ሳምንታት ሰፈሩ ጋሼን ሲያገኝ «እንኳን ተመለሱ» ይላቸው ነበር፤ ባለቤታቸው በሌሉበት። ለፋፊው ግን አኩርፏል። ድንኳን ተሸክመው የተመለሱት አራቱ፣ ባገኙት ቁጥር «ዛሬስ ማንን ገደልክ?» ይሉታል።

ጉባኤው ላይ ገጹን አሳየን። ከፊት ወንበር አንዲት አሮጊት እጃቸውን አወጡ። «አሁንስ ማንም ገብቶ ጋሼን ሊገድልብን አይችልም?»

«እስካየነው ድረስ አይችልም፣ እማማ። ከውጭ አዲስ ነገር በተጨመረ ቁጥር ደግሞ እንደገና መታየት አለበት።»

«ልጄ፣ አዎ ወይም አይደለም በይኝ።»

«ለዛሬ፣ አይችልም።»

ሥራ አስኪያጁ አጠገቤ ግንባሩን ያዘ። ሰው ማጉረምረም ሲጀምር ጋሼ ተነሱ። «በፍጹም አይችልም ብትሉ ነበር የምፈራው» አሉ። ከዚያ ለፋፊው፣ ከኋላ፣ ሳይነሳ፣ አንድ ሐሳብ አቀረበ። ከኮሚቴው አንድ ሰው ለቅሶ ቤቱ ሄዶ በዓይኑ ሳያይ ማስታወቂያ አይውጣ፤ ድንኳንም አይነካ። አጨበጨቡለት። በቃለ ጉባኤው መዘገብኩት፣ እጅ ተነሳ፣ ገጹ ጸደቀ። ቅጹን እዚያው አግዳሚ ወንበር ላይ ፈረምኩ፤ ከፊርማዬ በላይ «ከውጭ የመጣ ነገር ሲጨመር ድጋሚ ይፈተሽ» የሚል በእጄ ጻፍኩበት። ሥራ አስኪያጁ አየው። «ይሄ የግድ ነው?» አለ። የግድ ነው አልኩት። ከሥሩ ፈረመ። ሰኞ ደብዳቤው ጠረጴዛዬ ላይ ነበር።

ማክሰኞ ጠዋት በገጹ የመጀመሪያው እውነተኛ ማስታወቂያ ወጣ። የላኩት ጋሼ ናቸው። በቅርቡ በደረሰባቸው የሙከራ ሞት ምክንያት ድንኳን በመሸከም፣ ነጠላ በማጣፋት፣ ጫማ በመፈለግ ለተባበሯቸው ሁሉ ልባዊ ምስጋናቸውን ያቀርባሉ፤ ስም ዝርዝሩም አለ፣ በፊደል ተራ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ባለቤታቸው ደወሉልኝ። ሰፈሩ መርዶ መደበቅ ያውቅበታልና እስከዚያች ጠዋት ምንም አልሰሙም ነበር።

«እንዴ» አሉኝ፣ ሳቃቸው ከሳል ጋር እየተቀላቀለ፣ «ሰውየው ሞተው፣ ሊቀበሩ ተዘጋጅተው፣ ተመልሰው፣ አመስግነው ሲጨርሱ ነው እኔ የምሰማው?»

«እትዬ፣ ሽማግሌ ስላልተሟላ ነው» አልኳቸው።

«አራተኛው ማን ነበር?»

ነገርኳቸው። «እሱማ ድሮም ጫማው አይገኝለትም» አሉና፣ ልባቸውን ይዘው ይሁን ሆዳቸውን አላውቅም፣ ስልኩን እስኪዘጉ ድረስ ሲስቁ ሰማኋቸው።